ጓዳ የማይገባ እንግዳ

የሊነክስ ከርነል ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። ዋጋዋ ወይ ዜሮ ነው ወይ አንድ። አንድ ከሆነች ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ዕቃ «የማይታመን» ተብሏል ማለት ነው። ዕቃው ያጠፋው ነገር የለም። ሥራ እንኳን ገና አልጀመረም። የተሰካበት ቀዳዳ ታይቶ ነው ስም የወጣለት።

ስለ አንዲት ምልክት ይህን ያህል ይጻፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። የእናቴ ዘመዶች ማሻ ናቸው። የመጣህበት መንገድ ብቻ ታይቶ ስም ሲወጣልህ ምን እንደሚሰማ ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ስለዚህ ምልክቷን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ምንም ያላጠፋን በመጣበት በር ብቻ አለማመን ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ? ካለስ ከግፍ የሚለየው በምንድን ነው?

(ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ማስላቱን ለእናንተ ትቻለሁ።)

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ነው። ሜሞሪውን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ ከኪቦርዱ፣ ከዲስኩ፣ ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ዳታውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ በራሱ እጅ ያመላልስ ቢባል ማሽኑ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ አንዳንድ ዕቃዎች ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግሩ በቀጥታ ራም ላይ እንዲጽፉ፣ ከራም ላይም እንዲያነቡ ይፈቀድላቸዋል። ዲኤምኤ ይባላል። ፍጥነቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። ችግሩ ራም ላይ ያለው የምታዩት ቪዲዮ ብቻ አለመሆኑ ነው። የከፈታችሁት ኢሜይል እዚያ ነው። የይለፍ ቃላችሁ እዚያ ነው። ዲስካችሁን የቆለፋችሁበት ቁልፍም እዚያው ነው።

ድሮ ይሄ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። እንዲህ ያለ መብት የነበራቸው ዕቃዎች በብሎን በታሰረ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚኖሩት፤ ቤተሰብ ናቸው። ኋላ ግን በሩ ወደ ውጭ ተከፈተ። መጀመሪያ ፋየርዋየር፣ ቀጥሎ ተንደርቦልት መጣ፤ ላፕቶፑ ጎን ላይ የሚሰካ ገመድ የቤተሰቡን መብት አገኘ። በፌብሩዋሪ 2019 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው «ተንደርክላፕ» ብለው ባወጡት ጥናት፣ ቻርጀር ወይም ፕሮጀክተር መስሎ የሚሰካ ዕቃ በዚህ በር ገብቶ ማሽኑን ሊቆጣጠር እንደሚችል አሳዩ። ምልክቷም የዚያ ሰሞን ልጅ ናት። ማርች 2019 ላይ ከወጣው 5.0 ከተባለው ከርነል ጋር መጣች። ማዘርቦርዱ ላይ የተጫነው ፈርምዌር «ይህ በር ወደ ውጭ ያያል» ብሎ ለከርነሉ ይነግረዋል። ከርነሉ ደግሞ በዚያ በር የመጣውን ሁሉ፣ ከመጣው ዕቃ ጀርባ የተንጠለጠለውንም ጨምሮ፣ የማይታመን ይለዋል።

ከዚያስ ምን ይሆናል? እኔን የሳበኝ እዚህ ጋ ነው። ዕቃው አይባረርም። አይኦኤምኤምዩ የሚባል በረኛ አለ፤ በድሮው ቤተ መንግሥት ቢሆን አጋፋሪ እንለው ነበር። ምልክት ያለበት ዕቃ ወደ ሜሞሪው የሚሄደው በዚህ አጋፋሪ በኩል ብቻ ነው። የተሰጠውን ቦታ ያያል፣ ሌላውን አያይም። ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱ ወዲያው ይነሳል። ለታመኑት ግን ፍጥነት እንዳይቀንስ ተብሎ ፈቃዱ ትንሽ ሊቆይ ይችላል። «እኔን እኮ ቀድመው ፈቅደውልኛል» ብሎ ፍተሻውን የሚዘልበት አንድ አቋራጭም አለ። ለማይታመን ዕቃ ያ አቋራጭ ይዘጋል።

አያቴ ቤት ይሄ ሁሉ ያለ ፈርምዌር ይሠራ ነበር። ደጋው ላይ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል።

«ማነው?»

«የመሸበት መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ።»

«ቤት ለእንግዳ! ግባ የኔ ጌታ።»

ማን እንደሆነ አታውቅም። ዱላውን ትቀበለውና ጥግ ታስደግፋለች። ውሃ ይሞቃል፣ እግሩን ይታጠባል። ጠላ ካለ ጠላ፣ ከሌለ የገብስ ቆሎ ይቀርባል። መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል፣ ጋቢ ይደረባል፤ የእኛ አገር ሌሊት ያለ ጋቢ አይቻልም። ጓዳ ግን አይገባም። ጓዳ ውስጥ ጎታው አለ፣ ሣጥኑ አለ፣ የቤቱ ምስጢር አለ። አያቴ «አላምንህም» ብላ ለማንም ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ቤቱ ራሱ ይናገርላት ነበር፤ መጋረጃው የት ላይ እንደተሰቀለ እንግዳውም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። የልጇ ባል፣ የገዛ አማቿ እንኳን፣ ሲመጣ መደብ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ይቺን የአማቹን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ ድስቱም ልንገራችሁ። አጋፋሪው ቦታ ለክቶ የሚሰጠው ገጽ በገጽ ነው፤ አንድ ገጽ በተለመደው 4096 ባይት ነው። ዕቃው የሚፈልገው 200 ባይት ቢሆንም ሙሉ ገጹ ይከፈትለታል። በቀረው የገጹ ክፍል ላይ የሌላ ሰው ጉዳይ ተጽፎ ከሆነ አብሮ ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ በ2019 መጨረሻ በወጣው 5.4 ከርነል፣ በኢንቴል ማሽኖች ላይ አዲስ ሥርዓት መጣ። ለማይታመን ዕቃ የሚሰጠው ዳታ መጀመሪያ ለብቻው ወደ ተለየ ቦታ ይቀዳል፣ ዕቃው የሚያየው ያንን ቅጂ ነው። ይሄ ያዘገያል፤ ቢሆንም ያደርጉታል። አያቴም ለእንግዳ ድስቱን አታቀርብም፣ በሣህን ጨልፋ ነው። ሣህን ማጠብ ሥራ ይጨምራል። እንግዳው ግን በሣህን ስለተሰጠው ተከብሮ ነው የሚያድረው።

እና ሌላ ነገር ትጠይቅ ነበር፦ «እስላም ነህ ክርስቲያን?» ወሎን ለማያውቅ ይሄ ጥያቄ ሊያስደነግጠው ይችላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለንና። አያቴ የምትጠይቀው ግን ሥጋ ስላለ ነው። ሙስሊም ከሆነ ሌላ የሚበላው ይፈለግለታል፣ ወይም ጎረቤት ያሉት ሙስሊሞች ቤት ይላካል። መጠየቋ እንግዳውን ጾሙን እንዳታሳድረው ነበር። ሰውን በአንድ መስመር መመደብ ሁሌም ክፉ ነው ለሚሉ ጓደኞቼ ይቺን ነው የምነግራቸው። ከጥያቄው ይልቅ ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን ነገር እዩት እላቸዋለሁ፤ ሣህን ነው ወይስ «ውጣ»?

የከርነሏ ምልክትም እንደዚሁ ናት። ከእሷ በፊት ተንደርቦልት ሲሰካ አንዱ መከላከያ ተጠቃሚውን መጠየቅ ነበር፦ «ይህን ዕቃ ትፈቅዳለህ?» ሰው ምን ያደርጋል? ያው «አዎ» ይላል፣ ፕሮጀክተሩ እንዲበራለት ነዋ የሚፈልገው። ወይም ደግሞ በሩን ጭራሽ ይዘጋዋል። ምልክቷና አጋፋሪው ከመጡ በኋላ ግን ሳይጠይቁ ማስገባት ተቻለ። ይሄን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የማይታመን ተብሎ ስለተመዘገበ ነው በሩ በቀላሉ የተከፈተለት። አያቴም ለማታውቀው ሰው በሌሊት በር የምትከፍተው ጓዳዋ መጋረጃ ስላለው ነው።

አሁን ወደ ፍላሽ እንምጣ፣ የእኔ እንጀራ እሱ ነውና። መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ደንበኞቻችን ባብዛኛው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ካምፓስ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ፍላሽ ደግሞ ሌላው ቤት ገብቶ የወጣ ነው። «ሾርትከት ቫይረስ» የማያውቅ ተማሪ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የመመረቂያ ጽሑፍህ ፎልደር ጠፍቶ በቦታው ትንሽ ቀስት ያለባት ምስል ታገኛለህ። እሱ ግን ቀላሉ ነው፣ ፋይል ውስጥ ያለ ተንኮል ነው። ከባዱ ዕቃው ራሱ ሲዋሽ ነው።

ዩኤስቢ ላይ ዕቃው ሲሰካ ማንነቱን የሚናገረው ራሱ ነው። «ፍላሽ ነኝ» ካለ ፍላሽ ነው፣ «ኪቦርድ ነኝ» ካለ ኪቦርድ ነው። ማረጋገጫ የለም። በ2014 ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል የተባሉ ሁለት ጀርመናዊ ተመራማሪዎች ላስ ቬጋስ ላይ «ባድዩኤስቢ» ብለው ያሳዩት ይሄንን ነው። የፍላሹ ውስጣዊ ፕሮግራም ይቀየርና ሲሰካ «ኪቦርድ ነኝ» ይላል፣ ከዚያ በእናንተ ስም መጻፍ ይጀምራል። ፍላሹን ፎርማት ብታደርጉት አይጠፋም። እኛ ዘንድ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ «የእገሌ» ያለ ሰው ዋስ ይጠራል፣ የሚያውቀው ሰው ይፈለጋል። ዩኤስቢ ዋስ አያውቅም።

ሊነክስ ግን ለዚህም መላ አለው። አዲስ የተሰካ ዕቃ ሳይፈቀድለት ሥራ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል። አንድ ቁጥር ዜሮ ብታደርጉት ሁሉም ደጅ ይቆማል። ሁለት ብታደርጉት የውስጥ ቀዳዳ ላይ ያሉት ብቻ ይገባሉ። እኔ ከዚህ ላይ ዩኤስቢጋርድ የሚባል ፕሮግራም ጨምሬ ደንብ አወጣሁለት። ማከማቻ ብቻ የሆነ ፍላሽ ይግባ፣ ማከማቻም ነኝ ኪቦርድም ነኝ የሚል ይቁም። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ማሽኑ ፍላሿን ሲመረምር አይታ፦

«ወንድሜ፣ የኔ እኮ ቫይረስ የለውም።»

«አምንሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«የኔም በዚሁ ነው የሚያልፈው።» የራሴን ፍላሽ ሰክቼ አሳየኋት። እሱም ቆመ፣ ተመረመረ፣ ገባ። ሳቀች፣ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ አማች እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ልጅቷን ያስከፋት መፈተሹ አልነበረም። ለብቻዋ የተፈተሸች መስሏት ነው።

አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ኬላ ላይ ቆምን። መታወቂያ ተሰበሰበ። ጠባቂው ወጣት ነው፣ ከኔ የሚያንስ ይመስለኛል፣ ዓይኑ ድካም ይታይበታል። መታወቂያው ከየት እንደተሰጠ እያየ ለያየን። ገሚሱ ተቀመጠ፣ እኛ ወረድን። ከኔ ጋር የወረዱ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው፣ ወረቀቱንም አሳዩ። ወረቀቱን አላየውም። በአማራ ክልል ከ2023 ወዲህ ውጊያ አለ። ጠባቂው የሚፈራው ነገር የለም አልልም፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ እሱም ይሞታል። ለደኅንነት ሲባል ይሄ ግድ ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ የዋህ አይደለሁም። ግን እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ያሰብኩት ምልክቱ ከኋላው ምንም እንደሌለው ነው። አጋፋሪ የለም፣ ሣህን የለም፣ መደብ የለም። ወረቀት አይቶ «እሳቸው ይለፉ» የሚል የለም። «ውረዱ» ብቻ ነው ያለው። አውቶቡሱ ላይ የቀሩት ደግሞ ሳይፈተሹ ነው የሄዱት፤ አደጋ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ መታወቂያ ማግኘት እንደማይከብደው ማንም ያውቃል። ስለዚህ የተጎዳው ፍትሕ ብቻ አልነበረም፣ ጥበቃውም ጭምር ነው።

ለብዙ ዘመን የቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። ፋይዳ ላይ ያ መስመር የለም፣ መልካም ነው። ሰው ግን ከስም፣ ከአነጋገር፣ ከትውልድ ቦታም ያነባል።

«ዕቃ እኮ ክብር የለውም፣ ለምን ታወዳድራለህ?» ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው። ፍላሽ አያፍርም፣ ቤቱ ሄዶም አያለቅስም። ለዚህ ነው ለፍላሽ የሚበቃው ለሰው የማይበቃው። ለሰው ስንሆን ሣህኑ ላይ ሌላም ነገር መጨመር አለበት፤ ምልክቱ የሚነሳበት መንገድ።

ይሄን ስል ከኛው ዞን፣ ከአምባሰል፣ አምባ ግሸን ትዝ ይለኛል። ዛሬ መስከረም 21 ስንት ሕዝብ ለንግሥ የሚወጣበት ግሸን ማርያም ያለችበት ተራራ ነው። ድሮ ግን የነጋሢ ዘር የሆኑ ወንዶች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። ዙሪያው ገደል፣ ጠባቂው ብዙ። ታሳሪዎቹ ወንጀል አልሠሩም። ጥፋታቸው የመጡበት ማኅፀን ነው፤ አንድ ቀን ዙፋን ሊሹ ይችላሉ ተብሎ ነው። እዚያ የተወለዱ ልጆችም አብረው ተቆጠሩ። ከርነሉ ውስጥ ከማይታመነው ዕቃ ጀርባ የተንጠለጠለው ሁሉ ምልክቱን እንደሚወርሰው ማለት ነው። መውጫው አንድ ነበር፣ ንጉሥ ሆኖ መመረጥ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 ከመንገሣቸው በፊት እዚያ ነበሩ። የቀሩት እዚያው አረጁ። የአገሩን ሰላም የጠበቀ ሥርዓት ነው ብለው የሚያወድሱት አሉ። እኔ አላወድሰውም። ጦርነት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሊመርጡ ያልቻሉ ሰዎች ናቸው።

«ሰውን ማመን ቀብሮ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን አልወደውም፣ ግን ለውስጥ ሰውም እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሌላም አለን፦ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። የምልክቷ ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ጋ ነው። የምትጠረጥረው የውጩን በር ብቻ ነው። ውስጥ የተቀመጠውን አትጠይቀውም።

አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቻይና ስጦታ ነው፣ 200 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ በጃንዋሪ 2012 የተመረቀ። የቆመው ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከሕንፃው ጋር ኮምፒውተሩም፣ ኔትወርኩም ተሟልቶ መጣ። በጃንዋሪ 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ ሕንፃው ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ የኅብረቱ ዳታ ሻንጋይ ወዳሉ ሰርቨሮች ለዓመታት ሲሄድ እንደነበር ጻፈ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። ማን ልክ እንደሆነ እኔ ልፈርድ አልችልም። ኅብረቱ ግን ሰርቨሮቹን ቀይሯል። ለኔ የሚገርመኝ፣ በዚያ ሕንፃ በር ላይ እኔና እናንተ ብንሄድ ቦርሳችን በማሽን ይፈተሻል፣ መታወቂያችን ይያዛል። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ገመድ ግን በሩ ላይ ማንም አልፈተሸውም፤ ከቤቱ ጋር ነው የመጣው።

በሮቹን የሚለየው ማነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይከተላል። ከርነሉ የትኛው በር ወደ ውጭ እንደሚያይ በራሱ አያውቅም፤ ፈርምዌሩ የነገረውን ነው የሚያምነው። ፈርምዌሩን የጻፈው ማዘርቦርዱን የሠራው ኩባንያ ነው። እናንተ እዚያ ክርክር ውስጥ የላችሁም። ኬላው ላይ ያለው ወጣትም እንደዚያው ነው። ዝርዝሩን ያወጣው እሱ አይደለም።

ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ ያገለገለ ተብሎ የተገዛ ነው፣ አሮጌ ግን ጠንካራ። በጎኑ ኤክስፕረስካርድ የሚባል ጠፍጣፋ ቀዳዳ አለው፤ ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም። በዚያ ቀዳዳ የሚገባ ካርድ በቀጥታ ራም ላይ የመጻፍ መብት ሊያገኝ ይችላል። ላፕቶፑ የተሠራው ምልክቷ ከመፈጠሯ ብዙ ዓመት ቀድሞ ስለሆነ፣ ፈርምዌሩ ይህን ቀዳዳ የውጭ በር ነው ብሎ ለማንም አልተናገረም። ከርነሉም እዚያ የሚገባውን ሁሉ እንደ ቤተሰብ ይቀበላል። ምልክቷ ዜሮ ናት። ዜሮ ደግሞ «የታመነ» ማለት አይደለም፤ ማንም አልጠየቀም ማለት ነው። ባዮስ ገብቼ ልዘጋው ፈልጌ ነበር፣ የቀድሞ ባለቤቱ በይለፍ ቃል ቆልፎታል። ለጊዜው ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።